ስም የሌላቸው አሳዳጊዎች

ዛሬ የማወጋችሁ ነገር ከፓስተር ሚስት የሚጠበቅ አይመስልም፤ ስለ ቪዲዮ ጌም ነውና። ቢሆንም እስከ መጨረሻው ታገሡኝ። ነገሩ ዞሮ ዞሮ የአንዳንዶቻችሁን በር ሳያንኳኳ አይቀርም።

ባለፈው ክረምት የባለቤቴ ወንድም ከውጭ አገር ሊጠይቀን ወደ ጅግጅጋ መጥቶ ነበር። ለአሥራ አንድ ዓመቱ ልጃችን ይዞለት የመጣው ስጦታ እርሱ ራሱ በልጅነቱ ይጫወትበት የነበረ ጌም ቦይ ነው። በሁለት ባትሪ ድንጋይ ስለሚሠራ መብራት ቢጠፋም አይቆምም። ስክሪኑ ግን የራሱ ብርሃን የለውም፤ ስለዚህ ልጄ ሻማ ሥር ተጎንብሶ ሲጫወት ያመሻል። አንድ ምሽት ትዕግሥቴ አለቀና፣ "በቃ፣ አምጣው!" ብዬ እጄን ዘረጋሁ።

"እማዬ፣ ትንሽ ብቻ ጠብቂኝ" አለኝ። "ሽማግሌዎቹ ጋ አደራ የሰጠሁትን ልቀበልና እዘጋዋለሁ።"

"የምን ሽማግሌዎች?" ብዬ አጠገቡ ተቀመጥሁ።

እስቲ እኔ እንደገባኝ ላስረዳችሁ። ጌሙ ፖኬሞን ይባላል። ተጫዋቹ በምናብ የተፈጠሩ እንስሳትን እየሰበሰበ ያሳድጋል። እ.ኤ.አ. በ1996 በጃፓን በወጣው የመጀመሪያው ጌም ውስጥ አንድ ሰው አለ፤ እንስሳችሁን ትተዉለትና ያሳድግላችኋል። በ1999 ጎልድና ሲልቨር የተባሉት ሲወጡ በእርሱ ፋንታ ባልና ሚስት አዛውንት መጡ። ከከተማው ወጣ ብሎ አጥር ግቢ አላቸው። አንዱን እንስሳ ሽማግሌው፣ ሌላውን አሮጊቷ ይይዛሉ። ሁለቱ እንስሳት ከተስማሙ አንድ ቀን እንቁላል ይገኛል። ሽማግሌውም ከቤት ወጥተው ግቢው ውስጥ ይጠብቁና "ውሰድ" ይላሉ።

ልጄ ይህን ሁሉ ካስረዳኝ በኋላ፣ "እማዬ፣ ግን ስማቸው ማን ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። ጽሑፉን በእንግሊዝኛ አነበብሁለት። ስም የላቸውም። የሚጠሩት በሥራቸው ብቻ ነው።

እኔም አደራ ሰጥቼ ነበር

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ምክንያቱን ልንገራችሁ። ይኸው ልጄ ሁለት ዓመት ሲሞላው ሐረር ላለችው እናቴ ሰጥቼው ነበር። ባለቤቴ ለአገልግሎት ወደ ቀብሪ በያህ፣ ወደ ሐርትሼክና ወደ ቶጎ ውጫሌ ይመላለሳል፤ እኔም ከእርሱ አልለይም። በካራማራና በባቢሌ በኩል መቶ ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው፤ ቅርብ ነው ብለን ነበር። ቅርብ ሆኖም ሦስት ዓመት ቆየ።

በጌሙ ውስጥ አደራ የሰጡትን መቀበል ዋጋ አለው። መነሻው 100 ነው፤ እንስሳው ባደገበት ደረጃ ልክ ደግሞ ለእያንዳንዱ 100 ይጨመራል። ሦስት ደረጃ ካደገ 400 ትከፍላላችሁ። ሌላም ነገር አለ። እንስሳው ከአራት በላይ ችሎታ አይዝም። አዛውንቶቹ ጋ ሆኖ አዲስ ሲማር ከዝርዝሩ አናት ላይ ያለው ይጠፋል። ባለቤቱን የሚጠይቀው የለም።

ልጄን በአምስት ዓመቱ ስመልሰው እኔም ይኸው ደርሶብኛል። ማታ ማታ ያስተማርሁትን መዝሙር ረስቶታል። የእናቴን የቡና ምርቃት ግን አንድ ቃል ሳያስቀር ይወጣዋል። "እማዬ" የሚላት እርሷን ነው፤ እኔ "የጅግጅጋዋ እማዬ" ነበርሁ። በልቤ እናቴን ወቀስኋት። እርሷ ግን ምን አጠፋች? ልጅ ባለበት ቤት ያድጋል፤ ያየውንም ይይዛል።

የሚራመደው ማን ነው?

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ሌላ ነው። በዚያ ጌም እንስሳው የሚያድገው ባለቤቱ በሚራመደው እርምጃ ልክ ነው፤ ለአንድ እርምጃ አንድ ነጥብ። እንቁላሉም ቢሆን አዛውንቶቹ ጋ አይፈለፈልም። ባለቤቱ ይዞት ሺህ፣ ለብዙዎቹም ከ5000 በላይ እርምጃ መሄድ አለበት። አዛውንቶቹ ከአጥራቸው አይወጡም፤ አይደክሙም፤ አይታመሙም።

በእናቴ ቤት ግን የተራመደችው እናቴ ናት። ሌሊት ሲያለቅስ የተነሣችው፣ ሲያተኩሰው አዝላ ጤና ጣቢያ የሮጠችው፣ በሐረር ዳገት እጁን ይዛ የወጣችው እርሷ ናት። እኔ በጌሙ እንዳሉት አዛውንት፣ ሁልጊዜ በአጥሩ ሥር ቆማ የምትጠብቅ፣ የማትደክም አድርጌ ቆጥሬአት ነበር።

ጎረቤቴ አንዲት ሶማሌ እናት ናቸው፤ "አዬዮ" እላቸዋለሁ፤ አያቴ እንደ ማለት ነው። ዕድሜያቸውን ከግመል ጋር ያሳለፉ ናቸው። በማግስቱ ሻይ ይዤላቸው ሄድሁና፣ በእናንተ ዘንድ ግመል የሚያረባው ማን ነው ብዬ ጠየቅኋቸው። ግመል ለአሥራ ሦስት ወር ያህል ታረግዛለች፤ በሁለት ዓመት አንዴ ብትወልድ ነው። ስለዚህ የኮርማው ምርጫ ከተሳሳተ የሁለት ዓመት ድካም ይባክናል። የትኛዋ ግመል እናቷ ማን እንደነበረች፣ ወተቷስ እንዴት እንደነበረ የሚያውቀው ሽማግሌው ነውና ምርጫው የእርሱ ነው። ስትታለብም ግልገሉ መጀመሪያ ካልጠባ ወተቷን አትለቅም፤ ከአራቱ ጡትም ሁለቱን ለግልገሉ ይተዉለታል።

"ታዲያ ግመሎቹን ተከትሎ የሚሄደውስ?" አልኋቸው።

አዬዮ ሳቁብኝ። "ወጣቱ ነዋ! ሽማግሌ በአፉ ያሳድጋል፤ በእግሩማ ጉልበት ያለው ይሂድ እንጂ!"

እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ ያቺ ቃል ለእኔ ስብከት ሆነችልኝ። እኛ ነገሩን ገልብጠነዋል። ምክራቸውን ትተን ጉልበታቸውን ወስደናል።

ያልጠየቅሁት ጥያቄ

አሁን እውነቱን ልናገር። በዚያ ሰሞን ከባለቤቴ ጋር ሌላ ውሳኔ ወስነን ነበር። የሦስት ዓመቷን ትንሿን ልጃችንን በመስከረም ወደ ሐረር ልንልካት ነው። እናቴም "እሺ" ብላለች። አንዴም አልተከራከረችም።

ከአዬዮ ቤት ስመለስ ስልክ ደወልሁ። በሕይወቴ ጠይቄ የማላውቀውን ጠየቅኋት። "እማ፣ እውነቱን ንገሪኝ፤ ደክሞሻል?"

ዝም አለች። ከዚያ በቀስታ፣ "ልጄ፣ ጉልበቴ ሕፃን አያስሮጠኝም" አለችኝ። "ታዲያ ለጌታ ሥራ ነው ስትሉኝ እንዴት ብዬ እምቢ እላለሁ?"

አንባቢዎቼ ሆይ፣ ይህን ስሰማ ያለቀስሁትን ለቅሶ ልገልጸው አልችልም። አገልግሎታችንን በእናቴ ጉልበት ስንሠራ ኖረናል። እርሷም እምቢ እንዳትል አፏን የዘጋነው በጌታ ስም ነው።

ልጃችን አልሄደችም። እኔ የረቡዕን የሴቶች ፕሮግራም ለሌላ እህት አስረከብሁ። ባለቤቴም የውጭ ጉዞውን በወር ወደ ሁለት ቀነሰ። ቀላል አልነበረም፤ አንዳንዶች "ቀዘቀዙ" ብለውናል። እናቴ ግን ደስ ሲላት ትመጣለች፤ ቡና እያፈላች ልጆቼን ትመርቃለች፤ ሲበቃት ትመለሳለች።

ኑኃሚን በስተርጅናዋ የሩትን ልጅ ኢዮቤድን በብብትዋ ይዛ ሞግዚት ሆናዋለች። ሩት ግን አልራቀችም። አያት ከእናት ጋር እንጂ በእናት ፋንታ አልቆመችም። አማራጭ የሌላችሁ፣ ለእንጀራ ስትሉ ልጃችሁን ለአያት የተዋችሁ አላችሁ፤ ይህን የምጽፈው እናንተን ለመክሰስ አይደለም። አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ፤ ዛሬ ደውሉና ጠይቋቸው። "ደክሞሻል? ደክሞሃል?" በሉ። መልሱንም ለመስማት ታገሡ።

የባለቤቴ ወንድም እንደነገረኝ፣ በ2022 በወጡት የፖኬሞን ጌሞች እነዚያ አዛውንት የሉም። እንቁላሉ የሚገኘው ለሽርሽር ከተያዘ ቅርጫት ውስጥ ነው። ለጌሙ ምንም አይደለም። የእኛ አዛውንት ግን አንድ ቀን ደጃፋቸው ላይ ስናጣቸው የሚተካቸው የለም።

እነርሱ ደግሞ ስም አላቸው። ልጆቻችሁ ያን ስም ያውቁት ይሆን?

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።