ይጁቤ፦ «ባዶ መሬት» የቱ ነው?

ከደብረ ማርቆስ ወደ ደቡብ የሚወስደው መንገድ የባሶ ሊበንን ማሳዎች አቋርጦ ይጁቤ ያደርሳል። በኅዳር ወር፣ ጤፉ ለአጨዳ በደረሰበት ሰሞን፣ ጥቂት መምህራን ሆነን በዚሁ መንገድ ተጓዝን። ሐሳባችን የጥንቱን የገበያ ከተማ ማየት፣ ከዚያም የዐባይን ሸለቆ ከአፋፉ ላይ ሆነን መመልከት ነበር። ይዘነው የተመለስነው ግን አንድ ጥያቄ ነው።

ይጁቤ ዛሬ የወረዳ ከተማ ናት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን የባሶ ገበያ እየተባለ ስሟ ከዐባይ ማዶ ድረስ ይጠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ ጎጃም የነበረው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ ስለዚህ ገበያ ጽፏል። ሙስሊም ነጋዴዎች ዐባይን እየተሻገሩ ከእናርያና ከአካባቢው ወርቅ፣ ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ያመጡ ነበር። የሰው ልጅም ሳይቀር ይሸጥበት የነበረ ዘመን መሆኑን መደበቅ አይገባም። ከሸቀጡ ሁሉ ዝባዱን እናስታውስ፤ ዝባድ የሚገኘው ከጥርኝ ነውና። የዚህ አገር ንግድ ከአራዊቱ ጋር እንዲህ የተሳሰረ ነበር።

ከከተማዋ ወጥተን ወደ አፋፉ ስናመራ አንድ አዛውንት ገበሬ መንገዱን አሳዩን። ከጤፉ ማሳ ዳር ባሕር ዛፍ በመስመር ቆሟል። ጥቂት ወጣ ብሎ ደግሞ ማሳው ራሱ ባሕር ዛፍ ሆኗል።

«አባባ፣ ይህም የእርስዎ ነው?» አልናቸው።

«የጎረቤቴ ነው። ልጆቼም የእኔን ጤፍ በዚሁ እንተካው ይሉኛል። ማዳበሪያ አይል፣ በሬ አይል፣ ሲቆርጡት መልሶ ያቆጠቁጣል። ለማገዶም ለአጠናም ገዢ አያጣም። እውነታቸውን ነው፤ እኔም አላጣሁትም።» ከዚያም በማሳው ድንበር ላይ ያለውን የአጋምና የቀጋ ቁጥቋጦ አሳዩን። «ግን ቆቋ የምትፈለፍለው እዚያ ነው። ጥርኙም ቀን የሚተኛው እዚያው ነው። ይህን መንጥሬ ባሕር ዛፍ ባደርገው የት ይሄዳሉ?»

አፋፉ ላይ ስንደርስ ሸለቆው እስከ ዐባይ ድረስ ተዘርግቶ ታየን። ከመካከላችን አንዱ፣ «ይህ ሁሉ ባዶ መሬት ነዳጅ በሚሰጥ ተክል ለምን አይሸፈንም?» አለ። ጥያቄውም ከዚህ ተነሣ።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2007 የባዮፊዩል፣ ማለትም ከተክል የሚገኝ ነዳጅ፣ ልማትና አጠቃቀም ስትራቴጂ አውጥቶ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ቤንዚንና ናፍጣ የሚገዙት በውጭ ምንዛሪ ነው። ጉሎና ጃትሮፋ ለናፍጣ፣ ሸንኮራ ለኤታኖል ታሰቡ። ከቆምንበት ማዶ፣ ወደ ደቡብ ምዕራብ በሚገኘው የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ከስኳር ተረፈ ምርት የወጣ ኤታኖል ከ2008 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአዲስ አበባ ከቤንዚን ጋር 5 በመቶ ተቀላቅሎ ተሸጧል። ከተረፈ ምርት መገኘቱ መልካም ነው። ሸንኮራው የበቀለበት ሸለቆ ግን ቀድሞ ሣርና ዛፍ እንደነበር መርሳት የለብንም።

ትልቁ ትምህርት የተገኘው ከምሥራቅ ሐረርጌ ነው። የባቢሌ የዝሆን መጠለያ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። በ2007 አንድ የጀርመን ኩባንያ በአካባቢው ጉሎ ሊያለማ መሬት ሲሰጠው ከፊሉ በመጠለያው ክልል ውስጥ ሆኖ ተገኘ። ቁጥቋጦው ተመነጠረ፤ የዱር እንስሳት ተቆርቋሪዎችም ተቃወሙ። ገበሬዎችም በእህል ማሳቸው ላይ ጉሎ ዘሩ፤ ጉሎ ደግሞ አይበላም። ውጥኑ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሸፈ። ያ መሬት ለዝሆኖቹ መኖሪያና መተላለፊያ ነበር እንጂ ባዶ አልነበረም። በቦርኒዮና በሱማትራ ደሴቶችም ደን ለዘይት ዘንባባ ሲመነጠር ኦራንጉታን የተባለው ዝንጀሮ መሰል እንስሳ መኖሪያውን አጥቷል።

ጉዳቱ የሚመጣው ከተክሉ ክፋት ብቻ አይደለም። ጃትሮፋን ከብት ስለማይበላው በአጥርነት ይጠቅማል። ባሕር ዛፍም ባይኖር ስንት ጎጆ ሳይሠራ፣ ስንት ምድጃ ሳይነድ በቀረ! ጉዳቱ አንድ ተክል ብቻውን ማሳውን፣ ድንበሩን፣ የግጦሹን ዳር ሁሉ ሲወርሰው ነው። ያን ጊዜ ንቧ አበባ፣ ቆቋ መፈልፈያ ታጣለች። አይጥና ነፍሳትን የሚለቅመው፣ የበላውን የሾላ ፍሬ ዘር በየደረሰበት የሚዘራው ጥርኝም ይሰደዳል። ጉዳቱ ዞሮ ወደ ገበሬው ጎተራ ይመለሳል።

በመድረሳ ሳለን ከተማርነው አንዱ፣ ሙስሊም ከተከለው ላይ ሰው፣ እንስሳ ወይም ወፍ ቢመገብ ሰደቃ ሆኖ እንደሚቆጠርለት ነው፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያስተማሩን ይህን ነው። ወፍ የማትመገበውን ስንተክል፣ ቢያንስ ስትመገብበት የኖረችውን እንዳናጠፋባት ማሰብ ይገባናል።

ስንሰናበት አዛውንቱን፣ «ታዲያ ምን ቆረጡ?» አልናቸው።

«ውሃ የሸረሸረው ቦረቦር አለኝ፤ ባሕር ዛፉን እዚያ እተክላለሁ። ጤፉና ቁጥቋጦው እኔ እስካለሁ ይቆያሉ። ከእኔ በኋላ ያለውን ልጆቼ ያውቃሉ።»

ውድ ወጣቶች! ከእኔ በኋላ ያሉት እናንተን ነው። በየአካባቢያችሁ «ባዶ» የሚባል መሬት ካለ በማለዳ፣ ጤዛው ሳይረግፍ፣ ሄዳችሁ ዳናውን ቁጠሩ። ባዶ መሆን አለመሆኑን ያን ጊዜ ትነግሩናላችሁ።