የቅዳሜ ጠዋት ሒሳብ

ዋናን፣ ብስክሌትንና ሩጫን በአንድ ቀን የሚያያይዘው ረጅሙ ትሪያትሎን በባልና ሚስት ሐሳብ የተጠነሰሰ መሆኑን ብዙ ሰው አያስታውስም። የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን የነበረው ጆን ኮሊንስና ባለቤቱ ጁዲ፣ በሃዋይ የኦዋሁ ደሴት የሚታወቁትን ሦስት ፈታኝ ርቀቶች በአንድ ገመድ አስረው፣ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1978 ለሙከራ አቀረቧቸው። 15 ወንዶች ተነሡ፤ 12 ጨረሱ። አሸናፊው ጎርደን ሃለር 11 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ፈጀበት። ከባልና ሚስት ጭውውት የተወለደው ይህ ውድድር፣ ከዚያ ወዲህ የስንቱን ባልና ሚስት ጭውውት እንዳቋረጠ ግን የመዘገበ የለም።

ርቀቱ ዛሬ 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና 42.195 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው። ዋናው ብቻ ባለ 50 ሜትሩን ገንዳ 76 ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚጋልብ ሰው የብስክሌቱን ክፍል ለመጨረስ 6 ሰዓት ያስፈልገዋል። እንግዲህ እንጀራውን በሌላ ሙያ የሚበላ ሰው ለዚህ ሲዘጋጅ በሳምንት 10፣ 12፣ አንዳንዴም 15 ሰዓት መመደብ ይኖርበታል። መሥሪያ ቤት ከሰዓቱ አንዲት ደቂቃ አይቀንስለትም። እንቅልፍ ጥቂት ያበድረዋል። የቀረው ሁሉ ከቤት ይወጣል።

በየትኛውም ከተማ የሚኖር፣ ሁለት ልጆች ያሉት አንድ መምህር በዓይነ ኅሊና እናስቀምጥ። ቅዳሜ ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ላይ ጫማውን በእጁ ይዞ፣ ወለሉ እንዳይንቋቋ እየተጠነቀቀ ይወጣል። ተመልሶ፣ ታጥቦና በልቶ ሲቀመጥ ቀትር ሆኗል። ሥጋው ቤት ገብቷል፤ እሱ ግን ሶፋው ላይ አንቀላፍቷል። ትንሿ ልጁ የሳለችውን ሥዕል ልታሳየው ትመጣና ደረቱ ላይ አስቀምጣለት ትሄዳለች። ሚስቱ ገበያ ሄዳ፣ ልብስ አጥባ፣ ትኩሳት የያዘውን ልጅ ሐኪም ቤት አድርሳ ተመልሳለች። አትናገርም። ስፖርት ትጠላለች እንዳይባል፣ ደም ግፊቱን ሐኪም በነገረው ጊዜ «ሩጥ» ያለችው እሷ ናት።

አንድ ቀን ግን «ነገም ልምምድ አለብኝ» ሲላት፣ «ማነው ያለብህ?» ብላ ጠየቀችው።

ጥያቄው ከጠብ በላይ ነው። አማርኛችን «አለኝ» እና «አለብኝ» በሚሉት ቃላት መካከል ሰፊ ገደል ቆፍሯል፤ የመጀመሪያው የሀብት፣ ሁለተኛው የዕዳ ቃል ነው። መምህሩ በገዛ ፈቃዱ የመረጠውን ደስታ በዕዳ ቋንቋ ሲናገር፣ ሚስቱ ልትከራከረው የማትችለውን አንድ ስውር አበዳሪ በመካከላቸው ማስቀመጡ ነው። «እወደዋለሁ፤ ልሂድ?» ቢላት ኖሮ እሺም እምቢም ማለት በቻለች ነበር። የነሳትም ይህንኑ ነው። (የቴአትር ሰዎች በዚህ ሰው ላይ ለመፍረድ አይቸኩሉ፤ «ዛሬም ጥናት አለብኝ» ተብሎ የተዘጋው የቤት በር ቁጥሩ ቀላል አይደለም።)

ለዚህ ሁሉ መፍትሔ አድርገው የዲክና የሪክ ሆይትን ታሪክ የሚጠቅሱ አሉ። ሪክ ከልደቱ ጀምሮ እጅና እግሩን ማዘዝ የማይችል፣ በኮምፒዩተር አማካይነት የሚናገር የማሳቹሴትስ ልጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 በአንድ የእርዳታ ሩጫ መሳተፍ እንደሚሻ ለአባቱ ነገረው፤ አባቱም ጋሪውን እየገፋ ሮጠ። ኋላም በዋናው ጊዜ ልጁን በትንሽ ጀልባ በገመድ እየጎተተ፣ በብስክሌቱ ፊት ባለ መቀመጫ አስቀምጦ እየጋለበ ረጅሙን ትሪያትሎን አብረው ፈጸሙ። አባት እ.ኤ.አ. በ2021፣ ልጅ በ2023 አረፉ። ታላቅ ታሪክ ነው፤ ነገር ግን የሚጠቀሰው በተገላቢጦሽ ነው። ዲክ ልጁን ወደ ራሱ ምኞት አልጎተተም። ምኞቱ የልጁ ነበር። የኛ መምህር ልጅ የምትፈልገው ሥዕሏ እንዲታይላት ብቻ ነው።

እናቶች ሲሆኑ ደግሞ ሒሳቡ ሌላ ነው። ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ካሸነፈች በኋላ፣ በ1998 ልጅ ወልዳ በ2000 በሲድኒ ያንኑ ወርቅ መልሳ ወሰደች። አሜሪካዊቷ ቼልሲ ሶዳሮም በወለደች በ18ኛው ወር፣ እ.ኤ.አ. በ2022፣ በኮና የትሪያትሎን ሻምፒዮን ሆናለች። ሻምፒዮን እናት ልጇን ማን እንደያዘላት ትጠየቃለች። አባትን ይህን የሚጠይቅ ጋዜጠኛ እምብዛም አይገኝም፤ መጠየቅ ግን ይገባው ነበር፤ መልሱ ብዙውን ጊዜ የአንዲት ሴት ስም ነውና።

በመምህሩ ቤት ከዚያ ጥያቄ ወዲህ የወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። ቅዳሜ ጠዋት ላይ ሚስቱ የራሷን ስም ጽፋበታለች፤ ለምን እንደፈለገችው አልተናገረችም፣ እሱም አልጠየቀም። ብስክሌቱ አሁን ሳሎን ውስጥ በማቆሚያ ላይ ታስሮ ረቡዕ ሌሊት ይሽከረከራል። ጎማው ሲያጉረመርም ትንሿ ልጅ ትነቃለች። ውድድሩ ሊደርስ ገና አምስት ወር ይቀረዋል።