ቬንትሌተሩን አይናቁት

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

ሥልጠናው ጥሩ ይዞኛል። እማዬ የቋጠረችልኝ ቆሎ ግን አልበረከተም፤ ከረጢቱ በተከፈተ ማግስት ለስልሶ እንደ ንፍሮ ሆነ። ሲንጋፖር እንዲህ ናት። ቀን 31 እና 32 ዲግሪ ነው፤ ይህ ለጋምቤላ ሰው ወሬም አይደለም። ሌሊቱ ነው የሚያስመርረው፤ ከ24 እና ከ25 ዲግሪ ብዙም አይወርድም፤ እርጥበቱም በአማካይ ከ80 በመቶ ይበልጣል። ላብ ገላ ላይ ይቀመጣል እንጂ አይደርቅም።

የምጽፍልዎ ጋምቤላ ላይ ስለሚያሠሩት እንግዳ ማረፊያ ነው። በስልክ «ፊቱን መስታወት አደርገዋለሁ፣ በየክፍሉም ኤሲ አስገባለሁ» ያሉኝ ሆዴን ሲበላኝ ሰነበተ። እጅዎን ከማስገባትዎ በፊት እዚህ ያየሁትን ልንገርዎ።

ይህች ከተማ ያለ ኤሲ እዚህ ባልደረሰች ነበር። ሊ ኩዋን ዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆኑ አስቀድመው ካደረጉት ነገር አንዱ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ውስጥ ኤሲ ማስገባት እንደነበር በኋላ ራሳቸው ተናግረዋል። አልፈርድባቸውም፤ በዚህ ሙቀት ማን መዝገብ ያገላብጣል? አሁን ግን ልኩን አልፏል። ገበያ አዳራሽ የሚገባ ሰው ሹራብ ይዞ ነው የሚሄደው። ከምድር ወገብ አንድ ዲግሪ ያህል ርቄ ጋቢ እመኛለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ኤሲው ደግሞ የሚደክመው በማቀዝቀዙ ብቻ አይደለም። እርጥብ አገር ላይ ብዙ ጉልበት የሚፈጀው አየሩን ማድረቁ ነው። ከኤሲ ቱቦ የሚንጠባጠበውን ውኃ አይተውት ይሆናል፤ አንዱን ሊትር ከአየር ለይቶ ለማውጣት ማሽኑ 0.7 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ሙቀት ማስወገድ አለበት። በርና መስኮቱ በማይገጥም ቤት ኤሲ መክፈት ታዲያ የባሮን ወንዝ በጣሳ ለመጨረስ እንደ መነሣት ነው፤ የውጭው እርጥበት በየቀዳዳው ሲገባ ይውላል።

እዚህ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2019 የተከፈተ፣ ኤስዲኢ 4 የሚሉት የሥነ ሕንፃ ትምህርት ቤት አለ። ስድስት ፎቅ ነው፤ ጣሪያው ከግድግዳው በጣም አልፎ ወጥቶ እንደ ትልቅ ጥላ ያለብሰዋል። ከላዩ ከ1,200 በላይ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳዎች ተደርድረውበታል፤ ሕንፃው በዓመት የሚፈልገውን ኃይል ራሱ እንዲያመነጭ ታስቦ የተሠራ ነው። መተላለፊያውና ደረጃው ክፍት ስለሆነ ነፋስ እንደ ልቡ ይመላለስበታል። ኤሲ ባለባቸው ክፍሎች ደግሞ አየሩን እስኪያንቀጠቅጥ አያቀዘቅዙትም፤ ወደ 27 ዲግሪ ገደማ ይተዉትና የቀረውን ለጣሪያ ቬንትሌተር ይሰጡታል። ተቀምጬ ሞክሬዋለሁ፤ አንገቴ ላይ ላብ አልነበረም፣ ሹራብም አላማረኝም። ነፋስ ገላን ሲነካ ላቡን ያነሣዋል፤ ሁለት ሦስት ዲግሪ የቀነሰ ያህል ይሰማል። የጣሪያ ቬንትሌተር የሚበላው ከ50 እስከ 75 ዋት ነው፤ አንድ ተራ ኤሲ ደግሞ 1,000 ዋት ገደማ። ሒሳቡን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።

ብልሃቱ የዛሬ አይደለም። በድሮው ሰፈር ሱቆቹ ፊት ለፊት ከፎቁ ሥር የሚያልፍ የተሸፈነ መንገድ አለ፤ ከተማዋን የቆረቆረው እንግሊዛዊ ራፍልስ እ.ኤ.አ. በ1822 ባወጣው የከተማ ፕላን ደንብ የታዘዘ ነው። እግረኛው ከፀሐይና ከዝናብ ይድናል፣ የሱቁ ግድግዳም አይግልም። ቤቶቹ ጠባብና ረጃጅም ስለሆኑ መሐላቸው ላይ ሰማይ የሚያሳይ ክፍት ቦታ ትተው ሞቃቱ አየር በዚያ እንዲወጣ አድርገዋል። የመንግሥት አፓርታማዎቹም (ከነዋሪው 80 በመቶ የሚጠጋው የሚኖረው እዚያ ነው) ብዙዎቹ ምድር ቤታቸው ግድግዳ የለውም፤ ነፋስ ያልፍበታል፣ ሽማግሌዎች ዳማ ይጫወቱበታል።

መስታወት በመስታወት የሆኑት ፎቆች ያሉት ማሪና ቤይ በሚባለው ሰፈር ነው። ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. በ2006 ሥራ በጀመረ ሥርዓት፣ ከመሬት በታች ባሉ የጋራ ማዕከሎች የቀዘቀዘ ውኃ በቧንቧ ይከፋፈላሉ፤ ቁጠባው ትልቅ ነው። ግን ያ የባንክና የሆቴል ገንዘብ ነው፤ እኛን አይመለከትም።

እንግዲህ ወደ እርስዎ ቤት። ርዝመቱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይሁን፤ ጠዋትና ማታ ዝቅ ብላ የምትመጣው ፀሐይ ጠባቡን ጎን ብቻ ታገኛለች፤ በዚያ በኩል መስኮት አያብዙ። ቆርቆሮው ነጭ ይቀባ፤ በእሱና በኮርኒሱ መካከል አየር መግቢያና መውጫ ይኑረው። የጣሪያውን ከንፈር ያስረዝሙት፣ በረንዳውን ዙሪያውን ያድርጉት። መስኮት ትይዩ ለትይዩ ይሁን። የትንኝ ወንፊት ነፋስ ስለሚቀንስ መስኮቱን ካሰቡት ሰፋ ያድርጉት፤ ወንፊቱን ግን እንዳይተዉት፣ ወባው ያውቀናል።

ጋምቤላ ሲንጋፖር እንዳልሆነች አልጠፋኝም። በበጋ ደረቅ ነው፣ ሙቀቱም ከዚህ ይብሳል፤ ያን ጊዜ ቀን ዘግቶ ሌሊት መክፈት ይሻላል። ለዚህ ነው ኤሲ ከነጭራሹ ይቅር የማልልዎ። ሁለት ክፍል ይምረጡና በርና መስኮታቸውን በደንብ አስገጥመው እዚያ ያስገቡ። ለቀሩት ቬንትሌተር ይበቃል። መብራት ሲጠፋም ቢያንስ በመስኮት ነፋስ ይገባል፤ መስታወቱ ግን ያን ጊዜ እንግዳውን ይቀቅለዋል።

ግንበኛው የመስኮቱን ቦታ በብሎኬት ከመድፈኑ በፊት ፕላኑን ፎቶ አንሥተው በቴሌግራም ይላኩልኝ፤ አስተማሪዎቼን አማክሬ እመልስልዎታለሁ። እማዬን ጉልበቷን ይሳሙልኝ፤ ቆሎው አልቋል ይበሏት እንጂ ለሰለሰ እንዳይሏት።

እህትዎ