መቀነትና ስልክ

በአገራችን «ካርድ» ሲባል ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ተፍቆ የስልክ ሒሳብ የሚሞላበትን ነው። የባንኩ ካርድ ሁለተኛ ነው፤ እሱም ቢሆን ዋና ሥራው ከማሽን ብር ማውጣት ነው። ስለዚህ በውጭ አገር የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት «ሸማቹ በጥሬ ገንዘብ ከመክፈል በካርድ መክፈልን ምን ያህል ይወደዋል?» እያሉ የሚከራከሩበት ነገር፣ ጉለሌ ሲደርስ «በእጅ ወይስ በስልክ?» ወደሚል ጥያቄ ይለወጣል።

ከስድስት ኪሎ ሽቅብ ወደ እንጦጦ አቅጣጫ ስንወጣ ሽሮ ሜዳን እናገኛለን። የጥበቡና የነጠላው ገበያ እዚያ ነው። በየሱቁ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ቀሚስ አጠገብ የባንክ ሒሳብ ቁጥርና የቴሌብር ቁጥር ተለጥፎ ይታያል። ቴሌብር ሥራ የጀመረው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው፤ በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ደንበኞቹ ከ50 ሚሊዮን ማለፋቸውን ኢትዮ ቴሌኮም አስታውቋል። በእርግጥ ሁሉም ወዶ አልገባበትም፤ በ2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነዳጅ በጥሬ ብር መቅዳት በተከለከለ ጊዜ ባለመኪናው ምርጫ አልነበረውም። እኛ ተማሪዎች ግን ማንም ሳያስገድደን ነው የገባንበት።

ጥቅሙንም አንክድም። ዝርዝር የለም ተብሎ በመልስ ፋንታ ማስቲካ መቀበል ቀርቶልናል። የተቀደደች አሥር ብር ይዞ «ይህችን አልቀበልም» እየተባሉ ከሱቅ ሱቅ መንከራተትም እንዲሁ። ከክፍለ ሀገር የሚላክልን ገንዘብ የታመነ መንገደኛ ሳይጠብቅ በደቂቃ ይደርሰናል።

ይሁን እንጂ ሽሮ ሜዳ ላይ አንድ ትልቅ መሣሪያ ተቀምተናል። ቀድሞ የነጠላው ዋጋ አልወርድ ሲል ኪስን ገልብጦ፣ ብሩን በመዳፍ ዘርግቶ፣ «እናቴ፣ ያለኝ ይኸው ነው» ማለት ይቻል ነበር። (የታክሲው ሌላ ኪስ ውስጥ ነው፤ እሱን ሁላችንም እናውቃለን።) ባለሱቋ ታጉረመርማለች፤ ግን የተዘረጋ ብር ዓይን ይስባልና ትጠቀልልልናለች። ዛሬ ያንኑ ብንል መልሱ ዝግጁ ነው፦ «የኔ ልጅ፣ የቀረውን በቴሌብር ላኪያት!» ስልክ የያዘ ሰው ኪሱ መጨረሻ የለውም ተብሎ ይታሰባል። ጥሬ ብር ወሰን አለው፤ ያም ወሰን በክርክር ጊዜ ጉልበት ነበር።

ይህንን ስናሰላስል በአሜሪካን አገር የተደረገ አንድ ሙከራ ትዝ ይለናል። እ.ኤ.አ. በ2001 ድራዘን ፕሬሌክና ደንከን ሲሜስተር የተባሉ የኤም.አይ.ቲ. መምህራን ባሳተሙት ጥናት ላይ ተማሪዎች ለቅርጫት ኳስ ግጥሚያ ትኬት ዋጋ እንዲያቀርቡ ተደረገ። ለእኩሌቶቹ በጥሬ ገንዘብ፣ ለቀሩት በካርድ ትከፍላላችሁ ተባሉ። በካርድ የተባሉት እስከ እጥፍ የሚደርስ ዋጋ ሰጡ። ትኬቱ ያው ነው፤ የተለየው መክፈያው ብቻ ነው።

የእነርሱ ካርድ የብድር ነው፤ ዛሬ ተገዝቶ በኋላ ይከፈላል፤ የእኛ ግን ከስልኩ ወዲያው ይቀነሳል የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ነገር ግን ነገሩ ያለው በጊዜው ብቻ አይመስለንም። እናቶቻችን ብር በመቀነታቸው ይቋጥራሉ። አንዲት እናት ለልጇ ደብተር መግዣ ስትሰጥ መቀነቷን ትፈታለች፣ ቋጠሮውን በጥርሷ ታላላለች፣ የተጣጠፈውን ብር ትዘረጋለች፣ ትቆጥራለች፣ አንድ ጊዜ ደግማ ትቆጥራለች፣ የቀረውን መልሳ ትቋጥራለች። ይህ ሁሉ እስኪሆን ልጁ ቆሞ ያያል። ማንም ሳይነግረው የብሩን ክብደት የሚያውቀው ያኔ ነው። አሁን ያው ብር በስልካችን ላይ አንድ አጭር መልእክት ሆኖ ይደርሳል፤ ቋጠሮው ሲፈታ አላየንም። እኛም ስናወጣው የምንፈታው ቋጠሮ የለም፤ አራት ይሁን ስድስት ቁጥር መንካት ነው።

ብድሩም መጥቷል። በ2014 ዓ.ም. ቴሌብር ከዳሸን ባንክ ጋር ከጀመራቸው አገልግሎቶች አንዱ «እንደኪሴ» ይባላል፤ ሒሳባችን ሲጎድል ጉድለቱን አበድሮ ግዢውን ያስፈጽመናል። ስሙን ያወጣው ሰው ቀልደኛ መሆን አለበት፤ እንደ ኪሳችን ቢሆንማ ኖሮ ባልገዛንም ነበር።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን ግን መጋቢት 6 ለ7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የሆነው ነው። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም በተዛባበት በዚያ ሌሊት በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ያሉ ተማሪዎች ወሬው ሲደርሳቸው ከመኝታቸው ተነሥተው በማሽኑ ፊት ተሰለፉ፤ በሒሳባቸው ከነበረው በላይ አወጡ፤ አስተላለፉም። በኋላ ባንኩ ገንዘቡን ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ እስከ ማውጣት ደረሰ። ከነዚያ ተሰላፊዎች ብዙዎቹ የአንዲት አሮጊት መቀነት ወድቆ ቢያገኙ ሮጠው የሚመልሱ ናቸው ብለን እናምናለን። በማሽኑ ፊት ግን የማንንም ፊት አላዩም፤ ያዩት ቁጥር ነው፤ ቁጥር ደግሞ ባለቤት ያለው አይመስልም። ይህን የምንለው ድርጊቱን ለማቅለል አይደለም። ያው ዓይን የራሳችንንም ወር ቀለብ እንደዚያው ስለሚያይ ነው፤ ወሩ ሳይጋመስ ቀለባችን የት እንደገባ የሚጠፋን ለዚህ ይመስለናል።

ከእኛ መካከል አንዳንዶቹ ገንዘብ በተላከልን ቀን ከማሽኑ አውጥተን፣ በደብተር ወረቀት ከፋፍለን እየጠቀለልን፣ የምሳውን ለብቻ የፎቶ ኮፒውን ለብቻ ማስቀመጥ ጀምረናል። ጓደኞቻችን ይስቁብናል፤ ሌባ ቢገባ ሁሉንም ጠራርጎ ነው የሚሄደው ይሉናል፤ ልክ ናቸው። ሽሮ ሜዳም ስንወጣ ስልኩን ዶርም ትተን፣ ቆርጠን የያዝነውን ብር ብቻ ጨብጠን እንወጣለን። ባለሱቋ ግን አታምነንም፤ «ስልክ የሌለው ተማሪ ደግሞ የት አለ?» እያለች ኪሳችንን በዓይኗ ትዳስሳለች።