የተሰበረው ጆሮና የባለ እጁ ስም

ሳይድካር በሞተር ሳይክል ጎን ታስሮ በራሱ አንድ ጎማ የሚሄድ የተሳፋሪ መቀመጫ ነው። በውስጡ የሚቀመጠው ሰው መሪም ፍሬንም ስለሌለው፣ ደኅንነቱ የተመሠረተው በነጂው ጥንቃቄና መቀመጫውን ከሞተሩ አካል ጋር በሚያስተሳስሩት፣ አብዛኛውን ጊዜ አራት በሆኑ፣ ከእጅ መዳፍ በማይበልጡ የብረት ማያያዣዎች ላይ ነው። ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ሲዘዋወር የዋለው ፎቶግራፍ ከእነዚህ አንዱን፣ «ጆሮ» የሚባለውን የታችኛውን መያዣ፣ ለሁለት ተሰብሮ ያሳያል። ዕቃው ከፋብሪካ የወጣ ሳይሆን ባለቤቱ በቤቱ ጓሮ አሉሚኒየም አቅልጦ በአሸዋ ፎርማ ውስጥ ያፈሰሰው ነው፤ ሞተሩ በዝግታ ይሄድ ስለነበር ሰው አልተጎዳም። ሆኖም ጉዳዩ «ተመስገን» ተብሎ ብቻ የሚታለፍ አይደለም፤ ስብራቱ ለሚያነበው ሰው ብዙ የሚናገር ሲሆን፣ ከስብራቱ በኋላ የተነገረው ደግሞ ከስብራቱ የባሰ ነውና።

አንድ ሰው የሳይድካር ዕቃ በጓሮው እንዲያቀልጥ የሚያደርገው ምክንያት በዘርፉ ታሪክ ውስጥ ይገኛል። በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ በ1912 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ዋትሶኒያን፣ መሥራቹ በቤቱ ጠባብ መግቢያ እንዲያልፍለት ብሎ ከሠራው ተጣጣፊ ሳይድካር የተነሣ ድርጅት ነው፤ በጀርመን ደግሞ የኑረምበርጉ ስታይብ ዜፔሊን የተባለውን ግዙፍ የአየር መርከብ በሚመስሉ፣ አፍንጫቸው ሾጠጥ ባለ ሳይድካሮቹ ስሙ ገንኖ ነበር። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከልና ከሁለተኛው በኋላ በነበሩት ዓመታት ሳይድካር መኪና መግዛት ያልቻለ ቤተሰብ መጓጓዣ ሆኖ፣ አባት እየነዳ እናትና ልጅ በጎን ተቀምጠው ይጓዙበት ነበር። በ1955 ፊያት 600፣ በ1957 ፊያት 500፣ በ1959 ደግሞ የእንግሊዙ ሚኒ ለገበያ ሲቀርቡ፣ ያው ቤተሰብ ጣሪያና በር ያለው መኪና በአቅሙ ልክ ስላገኘ የሳይድካር ገበያ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተመናመነ፤ ስታይብም በ1950ዎቹ ማብቂያ ሳይድካር መሥራቱን አቆመ። ፋብሪካ ሲዘጋ ለእያንዳንዱ ዕቃ ተቀርጸው የነበሩት የእንጨት ሞዴሎች ከመጋዘን ወጥተው ይበተናሉ፣ ማገዶም ይሆናሉ፤ ስለዚህ ከ70 ዓመት በኋላ የእግር መርገጫው ወይም የፓራፋንጎው መብራት መቀመጫ የተሰበረበት ሰው የሚገዛው ሲያጣ ራሱ ይሠራዋል።

የሥራው መነሻ ሞዴል ነው፤ ሞዴል ማለት የሚፈለገውን ዕቃ መልክ በእንጨት ወይም በፕላስቲክ አስመስሎ የሚቀርጹት፣ በአሸዋ ውስጥ ቅርጹን ትቶ የሚወጣ አምሳያ ነው። አሉሚኒየም ረግቶ ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ሞዴሉ ከዕቃው በ1.3 በመቶ ገደማ መብለጥ ይኖርበታል፤ 200 ሚሊ ሜትር ርዝመት ላለው መርገጫ የሚቀረጸው ሞዴል 202.6 ሚሊ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ጀማሪዎች በተደጋጋሚ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ሲሆን፣ አሮጌውን ዕቃ ራሱን ሞዴል አድርገው አሸዋ ውስጥ ስለሚቀብሩት የሚወጣው ግልባጭ ከዋናው ያንሳል፣ ቀዳዳዎቹም ከብሎኖቹ ጋር አይገጥሙም። የሞዴሉ ጎኖች ቀጥ ብለው የቆሙ ሳይሆኑ ከ1 እስከ 3 ዲግሪ ያህል ዘንበል ያሉ መሆናቸው፣ ሲነሣ የአሸዋውን ግድግዳ ቧጥጦ እንዳያፈርስ ይረዳል።

ፎርማው የሚሠራው ደቃቅ አሸዋን ቤንቶናይት ከተባለ የሸክላ ዓይነትና ከጥቂት ውኃ ጋር በማዋሐድ ነው። ድብልቁ መድረሱ የሚታወቀው በጭብጥ ተጨምቆ ሲለቀቅ የጣት አሻራ ይዞ ሲቀር፣ ለሁለት ሲሰበርም ሳይፈረፈር ጥርት ብሎ ሲለያይ ሲሆን፣ ይህን ፈተና እጅ እንጂ መሣሪያ አያስተምረውም። አሸዋው በላይና በታች በተጋጠሙ ሁለት የእንጨት ወይም የብረት ክፈፎች ውስጥ በሞዴሉ ዙሪያ ይጠቀጠቃል፤ ክፈፎቹ ተለያይተው ሞዴሉ ከወጣ በኋላ ቀልጦ የሚገባው ብረት መውረጃ ይበጅለታል፤ ከዕቃው ወፍራም ክፍል አጠገብም መጋቢ የሚባል፣ ከሁሉ በኋላ የሚረጋ ጉድጓድ ይዘጋጃል። መጋቢው ዕቃው እየረጋ ሲኮማተር የጎደለውን ፈሳሽ ስለሚሞላለት፣ እርሱ የሌለው ወፍራም ዕቃ ከላይ ደኅና መስሎ ውስጡ ባዶ ሊሆን ይችላል።

አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚቀልጥ ሲሆን፣ ወደ ፎርማው የሚፈስሰው ግን ብዙውን ጊዜ ከ700 እስከ 750 ዲግሪ ሲደርስ ነው። የለስላሳ መጠጥ ቆርቆሮ የሚያቀልጥ ሰው ከብረት ይልቅ ቅርፊትና ቆሻሻ የሚተርፈው ሲሆን፣ አሮጌ ፒስተንና የሞተር አካል ግን መጀመሪያውኑ ለማፍሰስ ታስቦ ሲሊከን ስለተጨመረባቸው በፎርማው ውስጥ በቀላሉ ይሮጣሉ። በዚህ ደረጃ የሚያደባው ጠላት እርጥበት ነው፤ የቀለጠ አሉሚኒየም ከውኃ ሃይድሮጂን እየነጠቀ ወደ ውስጡ ያስገባል፣ ሲረጋ ግን አብዛኛውን መሸከም ስለማይችል ጋዙ አረፋ ሆኖ እዚያው ይታሰራል። በፎቶግራፉ ላይ የሚታየው የስብራት ገጽ እንደ እንጀራ ዓይን በቀዳዳ የተሞላ ነው፤ ዓይን ለእንጀራ ጌጡ ነው፣ ጭነት ለሚችል ብረት ግን እያንዳንዱ ዓይን ስንጥቅ የሚጀምርበት ቦታ ነው።

እዚህ ላይ መለየት ያለበት ነገር አለ። የእግር መርገጫ፣ የእጅ መያዣ፣ የመብራት መቀመጫ፣ የአፍንጫ ጌጥ ቢሰበሩ ባለቤቱን ያናድዳሉ፣ ሰው ግን አይጥሉም፤ እነዚህን በቤት ማቅለጥ የሚደገፍና የሚያኮራ ሥራ ነው። ጆሮው፣ ክብ ራስ ያለው መጋጠሚያና የጎማው ሞዞ ግን መንገዱ በጎረበጠ ቁጥር የሚጎተቱና የሚገፉ በመሆናቸው የብረት ድካም ለሚባለው ነገር የተጋለጡ ናቸው፤ የብረት ድካም አንድ ዕቃ አንዴ ቢጫንበት በቀላሉ የሚችለውን ጫና ሺህ ጊዜ ሲደጋገምበት ቀስ በቀስ የሚሰነጠቅበት ሂደት ነው። የቀድሞዎቹ ሠሪዎች እንዲህ ያለውን ማያያዣ ከተቀጠቀጠ አረብ ብረት ወይም ለብዙ ሰዓታት በእሳት ታሽቶ ተሰባሪነቱ ከለቀቀው የጊዛ ዓይነት ያበጁ የነበሩት ለዚህ ነው፤ በጓሮ የፈሰሰ አሉሚኒየም መልኩን ይተካ ይሆናል፣ ሸክሙን ግን አይተካም።

ይህን ሁሉ በእርጋታ መነጋገር ይቻል ነበር። ፎቶግራፉን ተከትለው ከተወረወሩት ቃላት መካከል ግን አንዱ «ቀጥቃጭ» የሚል ነበር፤ የተነገረውም ሥራን ለመግለጽ ሳይሆን ሰውን ለማዋረድ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ያደገበት የገጠር ቀበሌ ማረሻና መጥረቢያውን ሁሉ የሚያገኘው ከአንድ ሽማግሌ እጅ ነበር፤ ልጆች ግን ሌላውን ሽማግሌ ሁሉ «አባባ» እያሉ እርሳቸውን ብቻ በስማቸው እንዲጠሩ፣ ምግብ ይዘው በደጃቸው እንዳያልፉ፣ ቢያልፉም በነጠላ እንዲሸፍኑ ይታዘዙ ነበር፤ ምክንያቱ ቡዳ ናቸው መባላቸው ነው። ሽማግሌው ወናፋቸውን እየነፉ የልጆቹን መሸፋፈን ያዩ ነበር፤ አንድም ቀን አልተናገሩም። የእርሻውን ማረሻ የሠሩላቸውን ሰው ከማዕዳቸው ያራቁ ገበሬዎች፣ ማረሻው ሲደንዝ ወደ እርሳቸው ከመሄድ ግን አላፈሩም።

ቅኔ የሚያውቅ ሕዝብ ይህን ማድረጉ ከሁሉ ይልቅ ያንገበግባል። ሰምና ወርቅ የሚለው ስም የመጣው ከአንጥረኛው ሥራ ነው፤ አንጥረኛው በሰም የቀረጸውን አምሳያ በሸክላ ሸፍኖ ያሞቀዋል፣ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣም የቀለጠ ወርቅ በቦታው ይገባል። የቋንቋው ታላቅ ጥበብ መጠሪያውን ከባለ እጁ ተውሶ፣ ባለ እጁን ግን ከደጅ አስቀረው። ቤተ እስራኤላውያን ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች ይህን ስድብ ለትውልዶች ተሸክመዋል። አጼ ቴዎድሮስ በጋፋት ያስሠሩት ሴባስቶፖል መድፍ ሲነሣ የንጉሡ ቁጭትና የአውሮፓውያኑ ሚሲዮናውያን ስም ይወሳል፣ እሳቱን ሲያነዱና ሲደክሙ የነበሩት የአገሬው ሰዎች ግን ስም የላቸውም። ዳግማዊ ምኒልክ ሰውን በእጅ ሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ ካስነገሩ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ቃሉ ግን ዛሬ ጠዋት፣ መሥራት እንጂ ሌላ ጥፋት በሌለበት ሰው ላይ ተወርውሯል።

ስድቡ የሚያስከትለው ጉዳት ከክብር መነካት ያልፋል። የተናቀ ባለ እጅ የሚያውቀውን ይደብቃል፣ የተበላሸበትንም ይቀብራል፤ ያልተነገረ ብልሽት ደግሞ በሌላ ሰው ጓሮ እንደገና ይፈጸማል። የተሰበረውን ጆሮ ፎቶግራፍ አንሥቶ በአደባባይ ያወጣው ሰው ያደረገው ከዚህ ተቃራኒውን ነው፤ የስብራቱን ገጽ በጉልህ አሳይቷል፣ አሸዋው እርጥበት በዝቶበት እንደነበረና መጋቢ እንዳላበጀለት ሳይጠየቅ ጽፏል። ሊመሰገን የሚገባው ለዚህ ነው፤ ሊነገረውም የሚገባው ቀጣዩን ጆሮ ከአረብ ብረት በቶርኖና በፍሬዛ እንዲያስወጣ፣ የቀሩትን ሦስቱን ደግሞ ዛሬውኑ ፈትቶ በስንጥቅ መፈለጊያ ቀለም እንዲመረምር ነው። ይህ ምርመራ ቀዩን ፈሳሽ በብረቱ ላይ ቀብቶ ከጠረጉት በኋላ ነጭ ዱቄት የሚነፉበት ሲሆን፣ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ካለ የገባበትን ቀለም መልሶ ስለሚተፋ በዱቄቱ ላይ ቀይ መስመር ሆኖ ይወጣል።

እንደገና የሚያቀልጥ ከሆነም የቆመበትን ወለል ይይ። ውኃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ መጠኑ ከ1,600 እጥፍ በላይ ስለሚሰፋ በባዶ ኮንክሪት ላይ የፈሰሰ ብረት በሲሚንቶው ውስጥ ያለውን እርጥበት አፈንድቶ ወደ ፊት ሊረጭ ይችላል፤ መፍትሔው በደረቅ አሸዋ የተሞላ ሰፊ ትሪ፣ የቆዳ ሽርጥና የፊት መከለያ ነው። ናስ ላቅልጥ የሚል ደግሞ በውስጡ ያለው ዚንክ በ907 ዲግሪ ፈልቶ ነጭ ጢስ እንደሚሆንና፣ ጢሱን የሳበ ሰው ማምሻውን በትኩሳትና በብርድ እንደሚንቀጠቀጥ ይወቅ።

ፎቶግራፉ ላይ፣ ከተሰበረው ጆሮ አጠገብ፣ በጠረጴዛው ጠርዝ አንድ የሞተር ጓንት ይታያል። ትንሽ ነው፤ የልጅ ጓንት ነው።