ውስጡን ለቄስ! የቮልስ ወለል ከሶማሌ ተራ እስከ ጋራዥ

ቮልስ ያማረው ወጣት በከተማችን በዝቷል። እውነቱን ለመናገር አይፈረድበትም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ የሚገባውን ያገለገለ መኪና ዋጋ ሰማይ ሰቀለው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። እናም ከአባቱ የወረሰውም፣ ጎረቤት ግቢ ሸራ ለብሳ የከረመችውን የገዛውም "ቀለም ላስቀባት፣ ቸርኬ ልቀይርላት" ይላል። ወለሏን ግን ማን አየው? ላይዋ ያምራል፣ ውስጧን ለቄስ!

ሰሞኑን ከአንድ ወጣት ጋር (ስሙ እንዲጠቀስ አልፈለገም) ጋራዥ ለጋራዥ ዞረን ነበር። ቮልሷ የሟች አባቱ ናት። እህቱ የምትዳረው ከፋሲካ በኋላ ነው፤ "ሌላ መኪና አልፈልግም፣ ከቤት የምወጣው በአባዬ መኪና ነው" ብላለች። ችግሩ የልጁ ኪስ ከሁለት አንዱን ብቻ ነው የሚችለው፦ ወይ ቀለም፣ ወይ ወለል።

ዝገቱ የት ይደበቃል?

ቮልስ እንደ ዛሬዎቹ መኪኖች አይደለችም። ሞተሯ ከኋላ ነው፣ በአየር ነው የሚቀዘቅዘው። ከሥር ደግሞ በመሐሉ እንደ አከርካሪ ያለ ክፍት ቱቦ ያለፈበት፣ ግራና ቀኙ ስስ ላሜራ የሆነ ወለል አላት። ቦዲው በዚህ ወለል ላይ በብሎን ይታሰራል። እ.ኤ.አ. ከ1955 እስከ 1974 የተሠራችው ካርማን ጊያ የምትባለው ቆንጆ ስፖርት መኪናም የቆመችው በዚሁ ዓይነት ወለል ላይ ነበር። ስለዚህ የስፖርቷም የቮልሷም በሽታ አንድ ነው።

የመጀመሪያው ጠላት ባትሪው ነው። የተቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር፣ በቀኝ በኩል ነው። አሲዱ ጠብ ጠብ ባለ ቁጥር ላሜራውን ይበላዋል። ሁለተኛው ውሃ ነው። የመስታወትና የበር ጎማዎች ሲደርቁ የክረምቱ ዝናብ ሰርጎ ይገባና ምንጣፍ ሥር ይተኛል። ምንጣፉ ከላይ ደርቆ ታዩታላችሁ፤ ከሥሩ ግን ወራት ሙሉ እርጥብ ነው።

የኛ ሰው የኋላ ወንበሯን ሲያነሳ ምን ቢያይ ጥሩ ነው? መሬቱን! ሙሽሪት ልትቀመጥ ካሰበችበት ቦታ ሥር አስፋልት ይታያል።

ሶማሌ ተራ

መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ስንገባ ገና ሦስት ሰዓት አልሆነም። የመኪና ሬሳ ተበልቶ አጥንቱ ለየብቻ የሚሸጥበት ሰፈር ነው። በር፣ ፓራፋንጎ፣ ስፖኪዮ፣ መሪ... አለ የተባለ ሁሉ ይገኛል። "የቮልስ ወለል?" ስንል አንዱ ነጋዴ ሳቀ። "ወለል ካገኘህ ከሌላ ቮልስ የተቆረጠ ነው። ያቺም የአንተዋ እኩያ ናት" አለ። አባባሉ ልክ ነው። በጀርመን መደበኛዋ ቮልስ መሠራት ያቆመችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ የመጨረሻዋ ከሜክሲኮው ፋብሪካ የወጣችው በ2003 ነው። ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርተዋል፤ ያልዛገ ወለል ያላትን ግን ፈልጉ ቢሏችሁ ጊዜ ይፈጃል። ውጭ አገር አዲስ ወለል አሁንም እየተመታ ይሸጣል፤ ዘመድ ያስልክ ቢባል ግን ሻንጣ ውስጥ የሚገባ ነገር አይደለም።

ስለዚህ ያለው መንገድ ላሜራ ገዝቶ በእጅ ማስመታት ነው። እዚያው አንድ ደላላ "ቆርቆሮ ለጥፍበት፣ በስቱኮ ድፈነው፣ ምንጣፍ አልብሰው፣ ማን ያያል?" ብሎ መከረን። ተጠንቀቁ! የፊት ወንበሮች የሚንሸራተቱበት ሐዲድ የተበየደው ወለሉ ላይ ነው። ወለሉ ከለቀቀ ወንበሩ ሰውዬውን ይዞ ይሄዳል። ስቱኮ ፍሬን ሲያዝ ሰው አይዝም።

ጋሼ ባትላሜራው

ከሰዓት በኋላ ያገኘናቸው ባትላሜራ ዕድሜያቸው ሰባን አልፏል። የሚያወሩትን አማርኛ ልብ ብሎ ላዳመጠ ግማሹ ጣሊያንኛ ነው፦ ባትላሜራ፣ ላሜራ፣ ስቱኮ፣ ካቻቢቴ፣ ቸርኬ። የከተማችን የጋራዥ ሙያ ያን ቋንቋ እስከ ዛሬ አልጣለም።

ጋሼ ምንጣፉን ገለጡና በካቻቢቴ ወለሉን ወጋ ወጋ አደረጉት። ጤነኛው "ቃ" ይላል፤ የበሰበሰው ዝም ብሎ ይሰምጣል። ልጁ "ጋሼ፣ መጀመሪያ ቀለሙን ብናስጨርሰውስ? ሰርግ ደርሶብኛል" አለ።

"ልጄ፣ ለሬሳ ኩል አይኳልም" አሉት።

እንዴት ይሠራል?

ከጋሼ የሰማነውን እናንተም ያዙት። ጋራዥ ስትሄዱ የምትጠይቁትን ታውቃላችሁ።

1. ባትሪው፣ ወንበሩና ምንጣፉ ይውጣ። አሲድ የነካው ቦታ በውሃ በተበጠበጠ ቤኪንግ ሶዳ ይታጠብ። ካልታጠበ አዲሱንም ላሜራ ይበላል።

2. በመሐለኛው ቱቦ ውስጥ የቤንዚን ቧንቧ ያልፋል! ቤንዚኑ ሳይቀዳና መስመሩ ሳይታይ የብየዳ እሳት አይቅረብ። እሳት ማጥፊያ አጠገብ ይኑር።

3. ከመቆረጡ በፊት የበሮቹ ክፍተት በብረት ይወጠር። አለዚያ ቦዲው ይጣመምና በሩ ከዚያ በኋላ አይዘጋም። ግራና ቀኙም በአንድ ጊዜ አይቆረጥም፤ አንዱ ካለቀ በኋላ ሌላው።

4. የዛገው ጤነኛ ብረት እስኪገኝ ድረስ ይቆረጥ። በዝገት ላይ መበየድ በአሸዋ ላይ ቤት መሥራት ነው።

5. አዲሱ ላሜራ ልሙጥ አይሁን። የጥንቱ ወለል ላይ የምታዩት ጎድጎድ ያለ መስመር ለጌጥ አይደለም፤ ጥንካሬ የሚሰጠው እሱ ነው። ጋሼ በእንጨት ላይ እየመቱ ያወጡታል።

6. ላሜራው ስስ ስለሆነ ኃይለኛ ብየዳ ይበሳዋል። ትንሽ እየነኩ፣ እያቀዘቀዙ ነው። የቤት ክዳን ቆርቆሮ ደግሞ ዚንክ አለው፤ ሲበየድ የሚወጣው ጭስ ትኩሳት ያስይዛል። በያጆች "ወተት ይሽረዋል" ይላሉ፤ አይሽረውም። የሚያድነው ዚንኩን ፍቆ ማንሳትና ነፋስ ያለበት ቦታ መሥራት ነው።

7. በመጨረሻ ከላይም ከሥርም አንቲረስት ይቀባ፤ መጋጠሚያው ይደፈን። ባትሪው ሲመለስ ክዳኑ አይረሳ። የወንበሩ ሽቦ የባትሪውን ጫፍ ከነካ ቮልስ ከነወንበሯ ትነዳለች።

ልጁ ምን ወሰነ?

ሲያወላውል ቆየ። በመጨረሻ የወሰነችለት እህቱ ናት። በስልክ ነገሩን ሲያስረዳት "ቀለሙንማ አበባ ይሸፍነዋል፤ ወለሉን ምን ይሸፍነዋል?" አለችው። ጋሼ ይህን ሲሰሙ መቁረጫቸውን አነሱ። የቮልሷ ነጭ ቀለም እንደ ደበዘዘ ነው።

እናንተም ቮልስ ልትገዙ ከሄዳችሁ ሊብሬና ቦሎ ማየት ብቻ አይበቃም። ምንጣፍ ግለጡ፣ የኋላውን ወንበር አንሡ፣ ካቻቢቴ ያዙ። ሻጩ "ምንጣፉን ተወው፣ ተለጥፏል" ካላችሁ መልሱን አግኝታችኋል። ወለሏ ጤነኛ ሆና ቀለሟ የነተበባትን ግን አትለፏት። ቀለም በየትኛውም ወር ይደርሳል። ወለል የሚመቱት እጆች ግን እያረጁ ነው፤ እነ ጋሼ ሳሉ አሠሩ።