ባዶው ግድግዳም ይመዝገብ፦ የሚናንቱ መንደር ቤተ መቅደሶችና የዲጂታል ሰነዳ ጥያቄ

በማዕከላዊ ምያንማር፣ የኢራዋዲ ወንዝ በሚታጠፍበት ደረቅ ሜዳ ላይ የጥንታዊቷ ባጋን ቅሪት ተበትኖ ይገኛል። ከ11ኛው እስከ 13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበሩ ነገሥታት፣ ንግሥቶችና ሹማምንት በሸክላ ጡብ ያሳነጿቸው የቡድሃ እምነት ቤተ መቅደሶች፣ ገዳማትና ስቱፓዎች ዛሬም በእርሻዎችና በመንደሮች መካከል ቆመው ይታያሉ። በመዝገብ የሰፈሩት ቅርሶች ቁጥር ከ3,500 በላይ ነው። ከወንዙ ራቅ ብላ፣ በሜዳው ምሥራቃዊ ገጽ የምትገኘው ሚናንቱ ከእነዚህ መንደሮች አንዷ ናት። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሚናንቱ ቤተ መቅደሶች በግዝፈታቸው አይታወቁም። ዋጋቸው በውስጣቸው ባለው ሥዕልና በያዙት ጽሑፍ ነው። ሌምየትና፣ ትርጓሜውም «ባለ አራት ገጽ» ማለት ነው፣ በ1223 በአንድ ሹምና በባለቤቱ የታነጸ ነው። የንጉሥ ኡዛና ባለቤት የነበረችው ታምቡላ በስሟ የሚጠራውን ቤተ መቅደስ በ1255 አሠርታለች። ስሙ «ሦስቱ መቅደሶች» ማለት የሆነው ፓያቶንዙ ደግሞ በጠባብ መተላለፊያ የተያያዙ ሦስት ሕንፃዎችን ይዟል፤ ሁለቱ ከወለል እስከ ጣሪያ ቅስት በሥዕል ሲሸፈኑ ሦስተኛው ሳይሣል ቀርቷል። ይህ ያልተሣለ ግድግዳ ለቅርስ ሰነዳ ዋና ጥያቄ መግቢያ ሊሆን ይችላል፤ ምንም የሌለበትን ግድግዳ መመዝገብ ለምን ያስፈልጋል?

ስለ ዲጂታል ሰነዳ ጥቅም ሲነሣ ዘወትር የሚሰጠው መልስ ከጥፋት መጠበቅ ነው። ባጋን ለዚህ መልስ በቂ ማስረጃ ታቀርባለች። ሐምሌ 8 ቀን 1975 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ብዙ ቤተ መቅደሶችን ክፉኛ ጎዳ። ነሐሴ 24 ቀን 2016 ደግሞ መጠኑ 6.8 ሆኖ የተመዘገበው መንቀጥቀጥ ወደ 400 በሚጠጉ ሕንፃዎች ላይ ጉዳት አደረሰ። ሆኖም ከ2016ቱ አደጋ በኋላ ፍርስራሹን የመረመሩ ባለሙያዎች ሌላም ነገር አስተዋሉ፤ ከወደቀው ጡብ ብዙው ጥንታዊ አልነበረም። በ1990ዎቹ በተካሄደው ሰፊ የእድሳት ዘመቻ ከፍርስራሽ ላይ በግምት የተገነቡ ጉልላቶችና የጣሪያ ክፍሎች ነበሩ። የዚያን ዘመን ሠራተኞች የጎደለውን ሲሞሉ አዲሱን ከአሮጌው የሚለይ በቂ መዝገብ አልያዙም። ስለዚህ ለሃያ ዓመታት ያህል ጎብኚውም ተመራማሪውም የ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሥራ መስሎት የትናንትናን ግንብ ሲያይ ኖሯል።

ጉዳዩ ግን የባለሙያ ስንፍና ብቻ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። በበርማ የቡድሃ እምነት ተከታዮች ዘንድ ቤተ መቅደስ መሥራትና ማደስ ለቀጣዩ ሕይወት ስንቅ የሚሆን ጽድቅ ያስገኛል። በአካባቢው ቋንቋ «ኩቶ» የሚባለው ይህ ጽድቅ ባጋንን የወለደ ኃይል ነው፤ ያለ እርሱ ከእነዚህ ሕንፃዎች አንዱም ባልተሠራ ነበር። ለአማኙ የተሰነጠቀ ጉልላት ሊጠገን የሚገባው የአምልኮ ስፍራ እንጂ በተሰነጠቀበት ሁኔታ ሊቆይ የሚገባው ማስረጃ አይደለም። ግድግዳውን በኖራ ማንጣትም የአክብሮት ሥራ ነው፤ በዚህ አክብሮት ሥር ግን ጥንታዊ ሥዕሎች ተሸፍነዋል። የቅርስ ባለሙያው እጁን የሚዘረጋውን ምእመን እንደ አጥፊ ቢቆጥር ስሕተት ነው፤ ምእመኑ የማይነካው ቤተ መቅደስ ብዙም ሳይቆይ የሚጠብቀው ያጣል። ከዚህ አጣብቂኝ መውጫ የሚሆነው ጥገናን መከልከል አይደለም፤ ከጥገናው በፊት የነበረውን በታማኝነት መዝግቦ ማኖር ነው። የፓያቶንዙ ባዶ ግድግዳ አንድ ቀን በበጎ አሳብ ቢሣል፣ ሥዕሉ ከየት ዘመን እንደ ሆነ የሚመሰክረው ዛሬ የተያዘው መዝገብ ብቻ ይሆናል።

መዝገብ መያዝ ለባጋን እንግዳ ልማድ አይደለም። የጥንት ለጋሾች በድንጋይ ያስቀረጿቸው ጽሑፎች ለቤተ መቅደሱ የተሰጠውን መሬትና አገልጋይ ይዘረዝራሉ፤ ስጦታውን የሚነካውን ሰውም ይረግማሉ። በወንጌል ኅዳግ የተጻፈ የጉልት ስጦታና ውግዘት ያነበበ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ይህን ልማድ ለማወቅ አይቸገርም። በዘመናችን ደግሞ ፈረንሳዊው የሥነ ሕንፃ ባለሙያ ፒየር ፒሻር 2,834 ቅርሶችን እየቆጠረ፣ እየለካና እየሣለ ከ1992 እስከ 2001 በስምንት ቅጾች የታተመ መድበል አዘጋጅቷል። ዛሬም የባጋን ሕንፃዎች በቁጥራቸው የሚጠሩት በዚህ መዝገብ መሠረት ነው። በ1990ዎቹ የተጨመረውን ከጥንቱ ለመለየት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚዞረውም ወደዚሁ ሥራ ነው።

ዲጂታል ሰነዳ በዚህ ላይ የሚጨምረው ጥራትንና ድግግሞሽን ነው። ሌዘር ስካነር ጨረር እየላከ የግድግዳውን እያንዳንዱን ነጥብ ርቀት ይለካል፤ ከሚሊዮኖች ነጥቦች የሚገኘው ቅርጽ በሚሊሜትር የሚቆጠር ዝንባሌን ያሳያል። ፎቶግራሜትሪ ደግሞ እርስ በርሳቸው በሚደራረቡ ፎቶግራፎች አማካይነት ቅርጹንና ቀለሙን አንድ ላይ ይይዛል። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት በዚህ ዘዴ የለካው የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ ዛማኒ ፕሮጀክት በባጋንም ሠርቷል። ሳይአርክ የተባለው ድርጅት ከ2016ቱ አደጋ በፊት አናንዳ ኦክ ቻውንግ የተባለውን ባለ ሥዕል ገዳም ቀርጾ ስለ ነበር ጉዳቱን ከቀድሞው ይዞታ ጋር ማነጻጸር ተችሏል። የአንድ ጊዜ ቅርጽ ግን ሥዕላዊ መታሰቢያ ከመሆን ብዙም አያልፍም። ያው ግድግዳ ከክረምቱ በፊትና በኋላ፣ ከጥገናው በፊትና በኋላ ሲለካ ነው መዝገቡ የለውጥ ምስክር የሚሆነው።

ከዚህም ጋር መሣሪያው የማያየው ነገር አለ። ስካነሩ ስንጥቁን ይለካል፤ ስንጥቁ ከየትኛው መንቀጥቀጥ በኋላ እንደ ታየ ግን አያውቅም። በባጋን ብዙ ትናንሽ ቤተ መቅደሶች ቁልፍ የሚያዘው በየመንደሩ ባሉ ቤተሰቦች እጅ ነው። በሩን የሚከፍተው ሰው ውሃ በየት በኩል እንደሚገባ፣ የትኛው ክፍል በማን ገንዘብ እንደ ታደሰ ከማንም በፊት የሚጠየቅ ነው። ይህ ዕውቀት ቀንና ስም ተሰጥቶት ከቅርጹ ጋር ካልተያያዘ ፋይሉ ግማሽ ነው። ያውም ሰዎቹ ሁልጊዜ በቦታቸው አይገኙም። በ1990 በአሮጌው ባጋን ቅጥር ውስጥ የነበሩ ነዋሪዎች በመንግሥት ትእዛዝ ተነሥተው ዛሬ አዲሱ ባጋን ወደሚባለው ስፍራ ተዛውረዋል። ሕንፃዎቹ ቀሩ፤ በሥራቸው የኖረው ሰው ግን ሄደ። የትኛውም ስካነር ያን ጉድለት መልሶ ሊሞላው አይችልም።

በመጨረሻ የባለቤትነት ጥያቄ ይነሣል። በ1899 ጀርመናዊው ቴዎዶር ቶማን በባጋን በሚገኘው በዌትቺ-ኢን መንደር ካለ ቤተ መቅደስ የግድግዳ ሥዕሎችን ቆርጦ ወሰደ፤ ከእነርሱም ከፊሉ ሃምቡርግ ገባ። ዲጂታል ቅጂ ግድግዳውን አይቆርጥም። ይሁን እንጂ ፋይሉ ሩቅ አገር ባለ ሰርቨር ላይ ብቻ ከተቀመጠ፣ መንደሩም ሊከፍተው ካልቻለ፣ ዕውቀቱ እንደ ገና ከቦታው ተወስዷል ማለት ነው። ፋይል ከጡብ ይልቅ ተሰባሪ መሆኑም መዘንጋት የለበትም፤ ጡቡ ስምንት መቶ ዓመት ቆይቷል፤ ማከማቻ ዲስክ ግን በጥቂት ዓመታት ይበላሻል፤ የፋይል ዓይነቱም ይለወጣል።

ስለዚህ በገጠር ቤተ መቅደስ ላይ የሰነዳ ሥራ የሚጀምር ተመራማሪ ከመሣሪያው ምርጫ በፊት ሦስት ነገሮችን ሊወስን ይገባዋል። አንደኛ፣ ጥሬ መረጃው በአገሪቱ ተቋምና ከአገር ውጭ ቢያንስ በሁለት ቦታዎች የሚቀመጥበትንና በየጊዜው ወደ አዲስ ዓይነት የሚገለበጥበትን መንገድ። ሁለተኛ፣ ቁልፍ ያዡ፣ መነኩሴውና ለጋሹ የሚናገሩት ቃል ከቅርጹ ጋር አብሮ የሚመዘገብበትን፣ የታተመ ቅጂም ለመንደሩ የሚሰጥበትን ሥርዓት። ሦስተኛ፣ ልኬቱ የሚደገምበትን ጊዜና የሚደግመውን ሰው፤ ሥራው ለአካባቢው ወጣቶች ካልተላለፈ ሁለተኛው ልኬት አይደረግምና። ባጋን በ2019 በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። የሚናንቱ ምእመናን ግን ከዚያ በፊትም ሲያደርጉት እንደ ኖሩት ለጽድቅ ሲሉ መጠገናቸውን ይቀጥላሉ፤ ሊቀጥሉም ይገባል። ከተመራማሪው የሚጠበቀው የነገው ጠጋኝ የቱ ጡብ የአያቶቹ፣ የቱ የራሱ እንደ ሆነ ለይቶ የሚያውቅበትን መዝገብ በእጁ ማኖር ነው።